የዓርብ እንግዶችና የእኛ ጾም፦ ቋሊማ በሊጥ ጠቅልሎ መጋገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዛሬው የሙያ ትምህርታችን በሊጥ ተጠቅልሎ ተጋግሮ ከሻይ ጋር ለእንግዳ የሚቀርብ ቋሊማ እንዴት እንደሚሠራ እንማራለን። ከዚሁ ጋር ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁንን አንድ ጉዳይ እናነሣለን፤ ይኸውም «በጾም ቀን የሥጋ ምግብ ሥሪ ስባል፣ ሳልቀምስ እንዴት አጣፍጣለሁ? ለማዳምስ ምን ብዬ ልንገራት?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

በየመን ሳምንታዊው የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እንዲህ የተደረገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ነበር። ዓርብ ከጸሎታቸው በኋላ ዘመድ ይሰበሰባል፣ የሳምንቱ ትልቅ ማዕድ ይቀርባል፤ ከሰዓት በኋላም ብዙ ጊዜ የሻይ እንግዳ ይመጣል። ለእኛ ግን ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓርብ የጾም ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳንቀምስ እንቆያለን፣ ከዚያም በኋላ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አንበላም። ስለዚህ የእነርሱ ድግስና የእኛ ጾም በየሳምንቱ በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ።

አንዲት እኅታችን የገጠማትን እንዲህ ስትል ነግራናለች። ለዓርብ እንግዶች ምግብ ሠርታ ስትጨርስ ማዳሟ «እስቲ አንቺም ብዪ» አለቻት። እኅታችን መጾሟን ለመናገር አፈረችና «ጠግቤአለሁ» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት «አሞኛል» አለች። በሦስተኛው ማዳሟ ፊቷ ተለወጠ። «የምትሠሪውን ምግብ ለምን አትበዪም? ምን አድርገሽበት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ጾሙ ያላመጣውን ጥርጣሬ ውሸቱ አመጣው። በመጨረሻ እኅታችን እውነቱን በአንድ ቃል ተናገረች፤ ማዳሟም «ይህን ብቻ ነው? መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

ከዳንኤል ምን እንማራለን?

ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በሰው አገር፣ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ነበሩ። ከንጉሡ ማዕድ እንዲበሉ ታዘዘላቸው። ዳንኤል ምግቡን በድብቅ አልጣለም፣ አሞኛል ብሎም አልዋሸም። የተሾመባቸውን ሰው በትሕትና ለመነ፤ ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጧቸውና ከዚያ በኋላ ፊታቸውን አይቶ እንዲፈርድ ጠየቀ። በሥራውም ከሌሎቹ የተሻለ እንጂ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ ሦስት ነገር እንይዛለን፤ እውነቱን መናገር፣ በትሕትና ማስፈቀድ፣ ሥራን አለማጓደል። የሚከተለው አሠራርም በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ አንድ ሊጥ እናቦካለን፤ ሁለቱ እጅ ለእንግዶች በቋሊማ፣ አንዱ እጅ ለእኛ በምስር ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለሊጡ፦ 3 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ለብ ያለ ውኃ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። በሊጡ ውስጥ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም፤ ስለዚህ የጾም ነው።

ለእንግዶች፦ 8 ቋሊማ፣ ለመቀቢያ 1 እንቁላል፣ ጥቂት ሰሊጥ ወይም ጥቁር አዝሙድ።

ለእኛ፦ ግማሽ ኩባያ ድፍን ምስር፣ 1 ሽንኩርት፣ 1 ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት ዘይት።

ዱቄቱና ዘይቱ የቤቱ ስለሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሳይፈቀድ የተወሰደ ዱቄት የጾም ምግብ ቢሠራበትም ጾሙን ያበላሸዋል።

ስለ ቋሊማው አንድ ማሳሰቢያ አለን። የፓኬቱን ጽሑፍ አንብቡ ወይም አስነብቡ፤ ከምን ሥጋ እንደተሠራና የበሰለ ወይም ጥሬ መሆኑን እወቁ። ጥሬ ከሆነ አስቀድሞ ውስጡ ድረስ መብሰል አለበት። ይህ ምግብ በአሜሪካ የሚጠራበት ስም ሲተረጎም «በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ አሳማዎች» ማለት ነው። ከበሬ ወይም ከዶሮ ሥጋ ቢሠራም ስሙ ያው ነው፤ ነገር ግን በእስላም ቤት ይህን ስም መጥራት እንግዶችን ያስደነግጣልና «ቋሊማ በሊጥ» ማለት ይበቃል።

አሠራር በየሰዓቱ

እንግዶች በ10 ሰዓት (በግድግዳው ሰዓት 4፡00) ይመጣሉ እንበል።

በ7 ሰዓት ተኩል ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ስኳሩንና ጨውን ቀላቅሉ። ዘይቱንና ውኃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ አቡኩ፤ የዱቄት ዓይነት ስለሚለያይ ውኃውን በአንድ ጊዜ አትጨርሱት። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተውና እስኪለሰልስ ድረስ 10 ደቂቃ ያህል እሹት። ሸፍናችሁ አስቀምጡት። በኤደን ሙቀት ሊጥ ቶሎ ኩፍ ስለሚል በበጋ ለብ ባለው ፈንታ ቀዝቃዛ ውኃ ተጠቀሙ። ኩፍ እስኪል ምስሩን ቀቅሉ፤ ሳይፈርስ አውጡና ውኃውን በደንብ አጥልሉ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፣ ምስሩን፣ ቃሪያውንና ጨውን ጨምራችሁ አቀዝቅዙት። ውኃ ያለው ምስር ሊጡን ይቀደዋል።

በ8 ሰዓት ከሩብ ሊጡን ከሦስት ክፈሉ። አንዱን እጅ በ8 አድቦልቡሉ፤ እያንዳንዱን በመዳመጫ ዳምጡና ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ምስር አድርጋችሁ ጠርዙን አጥብቃችሁ ዝጉ። ከዚያ ሁለቱን እጅ ሊጥ ዳምጡና ጣት በሚያህል ስፋት በ24 ቁራጭ ቁረጡ። ቋሊማዎቹን እያንዳንዳቸውን ከሦስት ቁረጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፤ እርጥብ ከሆኑ ሊጡ ውስጡ ሳይበስል ይቀራል። በሊጡ ጠቅልሉና የሊጡ ጫፍ ወደ ታች እንዲሆን አድርጋችሁ በትሪ ላይ ደርድሩ። በሁለት የተለያየ ትሪ 15 ደቂቃ ይረፉ።

በ9 ሰዓት ኦቨኑ 190 ዲግሪ ላይ ይሙቅ። አስቀድሞ የጾሙን ትሪ በዘይት ቀብታችሁ አስገቡ። ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበስላል። ቀጥሎ የቋሊማውን ትሪ በእንቁላል ቀብታችሁ፣ ሰሊጥ ነስንሳችሁ አስገቡ። መቀቢያው ብሩሽ ለየብቻ ይሁን። ላዩ ወርቃማ ሲሆንና ታቹ ነጭነቱን ሲተው በስሏል ማለት ነው። እንግዶቹ ሲደርሱ ትኩሱ ይቀርባል፤ የእናንተም የጾም ምግብ በዘጠኝ ሰዓት ማለፊያ ላይ ደርሶላችኋል።

ካልቀመስን እንለካለን

ባለሙያ ሴት ጨውን በምላሷ ታውቃለች፤ የምትጾም ባለሙያ ደግሞ በማንኪያ ታውቃለች። ማንኪያው ሳይቆለል በቢላዋ ጀርባ ይስተካከል። ቋሊማው በራሱ ጨዋማ ስለሆነ ለ3 ኩባያ ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አዲስ ምግብ ስትሠሩ አንድ ቁራጭ ብቻ አስቀድማችሁ ጋግሩና የቤቱን ሰው አስቀምሱ። የተወደደውን ልክ በደብተር ጻፉት። ያ ደብተር አገራችሁ ስትገቡም የእናንተ ሀብት ነው። ስለ መቅመስና ከጾም ውጭ ባሉት ቀናት ስለ ሥጋው እርድ ጥያቄ ያላት እኅት ለንስሐ አባቷ ትጠይቅ እንጂ በራሷ አትወስን።

እንዴት እንናገር?

«አና ሳይማ» ማለት «ጾመኛ ነኝ» ማለት ነው። የእኛ «ጾም» እና የእነርሱ «ሶውም» ሥሩ አንድ ቃል ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይገባቸዋል። ሥጋ «ለሕም»፣ እንቁላል «በይድ»፣ ዱቄት «ደቂቅ»፣ እርሾ «ኸሚራ» ይባላል። ወተት «ሐሊብ» ነው፤ ግእዙም «ሐሊብ» ይለዋል። «ቢዱን ለሕም» ማለት «ያለ ሥጋ» ነው።

ሃይማኖቷን መግለጽ የሚያሰጋት እኅት ደግሞ «ዛሬ ሥጋ አልበላም» ማለት ይበቃታል፤ «አልዮም ማ አኩል ለሕም» ትበል። ይህም እውነት ነው። ሁሉን መናገር ግዴታ አይደለም፤ መዋሸት ግን አያስፈልግም።

በመጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. የእኛ ዐቢይ ጾምና የእነርሱ ረመዳን በአንድ ቀን ጀምረው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አሠሪና ሠራተኛ ሁለቱም ሳይቀምሱ ያበስላሉ። ይህን ያየች ማዳም የእናንተን ጾም ለመረዳት አትቸገርም።

ጥንቃቄ

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የተከፈተ ቋሊማ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ሽታው ደኅና ቢሆንም ጣሉት፤ አስቀድማችሁም ለማዳም ምክንያቱን ንገሩ።

የጋዝ ኦቨን ስትለኩሱ ክብሪቱ ይቅደም፣ ጋዙ ይከተል። ጋዝ ከሸተታችሁ ግን አትለኩሱ፤ ጋዙን ዘግታችሁ መስኮት ክፈቱ።

ክብ ቋሊማ የሕፃን ጉሮሮ ይዘጋል። ዕድሜው ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በቁመቱ ከአራት ተሰንጥቆ፣ ተቀምጦና እያያችሁት ይብላ። በእንግዳ ግርግር መካከል ልጆቹን የምታየው ብዙ ጊዜ እናንተው ናችሁና ይህን አትርሱ።

እጃችሁ ቢቃጠል 20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ያዙት፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ሊጥ አትቀቡ። «ሥራ ይበላሻል» ብላችሁ አትደብቁት።

እኅቶቻችን ሆይ፥ እንግዶቹ ትሪውን ባዶ አድርገው ሲሄዱ የማን እጅ እንደሠራው ላይጠይቁ ይችላሉ። እናንተ ግን ሥራውን ሳታጓድሉ፣ ጾሙንም ሳትሽሩ፣ ቃላችሁንም ሳታጥፉ ውላችኋል። ከምስሩም ለጎረቤት እኅታችሁ አንድ አትርፉላት፤ ምናልባት እርሷም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ የዋለች ናትና።

የዳንኤል አምላክ በሰው አገር ይጠብቃችሁ፤ ለአገራችሁ ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።