የጥምቀት መዝገብና የዘር ሐረግ ማስረጃ፦ የስኮትላንድ የቀድሞ አጥቢያ መዛግብት አጠቃቀም

መግቢያ

በስኮትላንድ የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የኖረን ቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚያጠና ተመራማሪ በዋናነት የሚመረኮዘው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች በያዟቸው የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዛግብት ላይ ነው። እነዚህ ሰነዶች ወደ 900 ከሚጠጉ አጥቢያዎች የተሰበሰቡ ሲሆኑ፣ ከሁሉም ቀዳሚ የሆነው በፐርዝሺር የሚገኘው የኤሮል አጥቢያ የጥምቀት መዝገብ ከ1553 ይጀምራል። በአሁኑ ጊዜ በስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት ተቋም ይጠበቃሉ፤ ምስላቸውም «ስኮትላንድስ ፒፕል» በተባለው የተቋሙ ድረ ገጽ አማካይነት ለተመራማሪዎች ቀርቧል።

ሰነዶቹ በቀላሉ መገኘታቸው ግን አንድ የአጠናን ችግር አስከትሏል። ስምን ጽፎ በመፈለግ ከሚወጡት ውጤቶች ተቀራራቢ የሆነውን መምረጥ እንደ ማረጋገጫ መወሰድ ጀምሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥምቀት መዝገብ በእርግጥ ምን እንደሚመሰክር፣ ስለ ምን ዝም እንደሚልና አንድ የዘር ትስስር ተረጋገጠ ለማለት ምን ዓይነት ማገናዘቢያ እንደሚያስፈልግ ማሳየት ነው።

የመዝገቡ ይዘት

መዝገቡን የሚይዘው የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ነበር። ወጥ ቅጽ ስላልነበረ ይዘቱ ከአጥቢያ አጥቢያ፣ ከጸሐፊ ጸሐፊም ይለያያል። የተሟላ የሚባለው ምዝገባ የጥምቀቱን ቀን፣ አንዳንዴም የልደቱን ቀን፣ የሕፃኑን ስም፣ የወላጆቹን ስም፣ የመኖሪያ መንደሩን፣ የአባትየውን ሙያና የምስክሮችን ስም ይይዛል። በአንጻሩ በቀደሙት መዛግብት የእናት ስም ጨርሶ የማይጠቀስበት ጊዜ አለ።

ለተመራማሪው እጅግ ጠቃሚ የሆነው ያገቡ ሴቶች በስኮትላንድ ሰነዶች ውስጥ በልጅነት የቤተሰብ ስማቸው መመዝገባቸው ነው። በአንድ አጥቢያ ተመሳሳይ ስም ያላቸው በርካታ አባቶች ሲኖሩ አንዱን ከሌላው የሚለየው ብዙውን ጊዜ የሚስት ስም ነው። ምስክሮቹም ዘመድ ወይም ጎረቤት ሊሆኑ ስለሚችሉ ስማቸው ሊታለፍ አይገባም።

ንባቡም ጥንቃቄ ይሻል። እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረው የእጅ ጽሕፈት የራሱ የፊደል ቅርጾች ስላሉት ልምምድ ይጠይቃል። በጌሊክ ተናጋሪ አካባቢዎች ጸሐፊው ስሞችን ወደ እንግሊዝኛ አቻቸው ይለውጥ ስለነበር «ኦይሪክ» የተባለች ሴት «ኤፊ» ወይም «ዩፊሚያ» ተብላ ልትገኝ ትችላለች።

የዝምታው ምክንያቶች

የአንድ ሰው ስም ከመዝገብ መጥፋት ሰውየው በዚያ አጥቢያ አልተወለደም ለማለት አያበቃም። ለዚህ ቢያንስ አራት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ በርካታ መዛግብት ጠፍተዋል ወይም ዘግይተው ተጀምረዋል፤ በተለይ በሰሜን ምዕራብ ደጋማ ክፍልና በደሴቶቹ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊት መዝገብ የሌላቸው አጥቢያዎች ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ ምዝገባው ክፍያ ይጠይቅ ነበር። በ1783 የወጣው ሕግ ደግሞ በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የ3 ፔንስ ቀረጥ ጣለ፤ ድሆች ከቀረጡ ነፃ ቢደረጉም፣ ሕጉ በ1794 እስኪሻር ድረስ ብዙዎች ልጆቻቸውን ሳያስመዘግቡ ቀርተዋል።

ሦስተኛው ምክንያት የቤተ ክርስቲያን መከፋፈል ነው። ከ1733 ጀምሮ ተገንጣይ ማኅበረ ምእመናን የየራሳቸውን መዝገብ መያዝ ጀመሩ፤ በ1843 ደግሞ ከ450 የሚበልጡ አገልጋዮች ወጥተው ነፃ ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። ካቶሊኮችና ኤጲስቆጶሳውያንም የራሳቸው መዛግብት ነበሯቸው። አራተኛ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ጉዳይ ከጥምቀት መዝገቡ ይልቅ በሽማግሌዎች ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ውስጥ በዝርዝር የሚገኝበት አጋጣሚ አለ፤ ጉባኤው እናትየውን ጠርቶ የአባትየውን ማንነት ይጠይቅ ነበርና።

ከቅርብ ወደ ሩቅ

አስተማማኙ አካሄድ ከታወቀው ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከ1855 ወዲህ ያለው የሞት ምዝገባ የሟቹን የሁለቱንም ወላጆች ስም እንዲይዝ ስለተደነገገ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተወለደን ሰው እንኳ ከአጥቢያ መዝገብ ጋር ለማገናኘት ያስችላል። የ1851 የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የትውልድ አጥቢያን ይገልጻል። በ1841 ቆጠራ ግን ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት ወደታችኛው የአምስት ብዜት እየተጠጋጉ እንዲጻፉ ስለታዘዘ፣ የ43 ዓመት ሰው 40 ተብሎ ይገኛል።

ለማሳያነት የሚከተለውን ታሳቢ ሁኔታ መውሰድ ይቻላል። አንድ ሰው በ1862 በ65 ዓመቱ እንደሞተ ተመዝግቧል። በ1851 ቆጠራ ዕድሜው 53 ተብሏል። በትውልድ አጥቢያው መዝገብ ግን ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ሕፃናት በ1796 እና በ1798 ተጠምቀዋል፤ የአባቶቻቸውም ስም አንድ ነው። የሞት ምዝገባው የያዘው የእናት ስም ከሁለተኛው ሕፃን እናት ጋር ይስማማል። ነገር ግን መረጃውን የሰጠው አማቹ ከሆነ ሟቹን የወለደችውን ሴት ጨርሶ ላያውቃት ይችላል። ስለዚህ የሁለቱም ባልና ሚስት ልጆች በሙሉ ከመዝገቡ ተለቅመው ሊደረደሩ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ወላጆች በ1801 ሌላ ልጅ በዚያው ስም አስጠምቀው ከሆነ፣ ፊተኛው በሕፃንነቱ መሞቱ ይገመታል።

የስም አወጣጥ ልማዱም ተጨማሪ ፍንጭ ይሰጣል። በልማዱ መሠረት የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት ስም ትጠራለች። የሟቹ ሁለተኛ ሴት ልጅ ስም ከታሰበችው አያቷ ስም ጋር ከገጠመ ግምቱ ይጠነክራል። ይሁንና ልማድ እንጂ ሕግ ስላልነበረ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የጥምቀት መዝገብ የሚያረጋግጠው አንድ ሕፃን በተጠቀሰው ቀን መጠመቁ መመዝገቡን ነው፤ ያ ሕፃን በኋላ ዘመን ከሚታወቀው ሰው ጋር አንድ መሆኑ በሌላ ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። በዚህ ረገድ የሚፈጸም አንድ ስሕተት በአንድ ትውልድ አይቆምም፤ ከዚያ በላይ የተቆጠረውን ሐረግ ሁሉ ወደ ሌላ ቤተሰብ ይወስዳል። ከመዝገብ የቀሩትም በዕጣ የቀሩ አይደሉም። በብዛት ድሆች፣ ከተቋቋመችው ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ምእመናንና የሩቅ ደሴቶች ነዋሪዎች ናቸው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ብቻ የተመሠረተ ጥናት ሳያስበው የባለ ይዞታዎችንና የተደላደሉ ቤተሰቦችን ታሪክ የመላው ሕዝብ ታሪክ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ተመራማሪው ካገኘው ስም እኩል ያላገኘበትን ምክንያት መመርመርና በጥናቱ ውስጥ በግልጽ ማስፈር ይጠበቅበታል።