ጉጉት የተቀረጸባት ብር



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 አሥር ድሪም ስለ ነበራት ሴት ስናነብ «ድሪም ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ ይሆናል። ድሪም በግሪክ ቋንቋ «ድራክማ» የሚባለው የብር ገንዘብ ነው።

ከግሪኮች ገንዘብ ሁሉ በጣም የታወቀው የአቴና ከተማ ባለ አራት ድሪም ብር ነበር። ክብደቱ 17 ግራም ያህል ነው። በአንድ ፊቱ የከተማዪቱ ጣዖት የራስ ቍር ደፍታ ትታያለች። በሌላው ፊቱ ጉጉት፥ የወይራ ቅጠልና ትንሽ ጨረቃ፥ እንዲሁም ከከተማዪቱ ስም ሦስት ፊደላት ተቀርጸዋል። ሥዕሉ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ማንበብ የማይችል ነጋዴ እንኳ ጉጉቷን ሲያይ የማን ብር እንደ ሆነ ያውቅ ነበር።

ብሩ የሚወጣው ከላውሪዮን ማዕድን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 ዓመት ብዙ ብር በተገኘ ጊዜ፥ ቴሚስቶክሌስ የተባለው መሪ «ለሕዝቡ ከሚከፋፈል መርከብ ይሠራበት» ብሎ መከረ። በ480 አቴናውያንና ተባባሪዎቻቸው በሳላሚስ የፋርስን መርከቦች ድል ነሡ። ይሁን እንጂ ብሩን ከጠባብ ጕድጓድ ፈልፍለው ያወጡት ባሮች ነበሩ። የእነርሱ መልክ በገንዘቡ ላይ አይታይም።

ኋላም በረጅም ጦርነት ብሩ ሲያልቅ፥ በ406 ገደማ አቴናውያን ውስጡ መዳብ ላዩ ብር የሆነ ገንዘብ አወጡ። ጉጉቷ ያችው ጉጉት ናት፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። በ405 ባለ ተውኔቱ አሪስቶፋኔስ በመድረክ ላይ ከተማዪቱን ወቀሰ፤ ጥሩውን ገንዘብ ትታ በመጥፎው እንደምትገበያይ፥ እንዲሁ ደጋግ ዜጎቿን ትታ በክፉዎች ትገለገላለች አለ።

በ375 ገደማ ደግሞ ገንዘብን የሚመለከት ሕግ ወጣ። ሕጉ የተቀረጸበት ድንጋይ በ1970 እ.ኤ.አ. በጥንቱ የአቴና ገበያ ተቆፍሮ ተገኝቷል። በሕጉ መሠረት አንድ መርማሪ በገበያው ተቀምጦ ብሩን ይፈትናል። ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ የሆነውን ወዲያው ይሰነጥቀዋል። ይህ መርማሪ ራሱ የሕዝብ ባሪያ ነበር። የከተማዪቱ ታላላቅ ነጋዴዎች ሳይቀሩ የእርሱን ፍርድ ይቀበሉ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ማኅተም መዳብን ብር አያደርገውም። እኛም ጥሩ ስምና ጥሩ መልክ ይዘን በሰው መካከል እንመላለሳለን። በሚፈተንበት ቀን ውስጣችን ምን ሆኖ ይገኝ ይሆን?