ማኮሮኒ ያለ ስጎ

ማኮሮኒ ያለ ስጎ። ችብስ፣ ያውም ከአንዲት ከሚያውቃት ሴት ብቻ የተገዛ። ቅርፊቱ የተላጠ ዳቦ። ሩዝ። የተቀቀለ ድንች። ፓኬት ብስኩት። ሙዝ። ኦቲዝም ያለበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የምታሳድገው ወዳጄ የልጇን ምግብ በጣቷ እየቆጠረች ከሰባት ማለፍ አቃታት። “ኪሎው ጨምሯል፣ ምግብ ቀንሺለት ተባልኩ። እስቲ ንገረኝ፣ ከሰባቱ የቱን ልቀንስ?”

“አንዱንም አትቀንሺ፤ ስምንተኛውን ፈልጊ” አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

በመጀመሪያ የተሸከመችው ወቀሳ መውረድ ነበረበት። ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ባላቸው ልጆች ላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከእኩዮቻቸው ይልቅ እንደሚበዛ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሰበቡ የእናት ስንፍና አይደለም። ፓኬት ብስኩት ዛሬም ነገም ያው ነው። የቤት ሽሮ ግን አንድ ቀን ይወፍራል፣ አንድ ቀን ይቀጥናል፣ ሌላ ቀን ቃሪያ ጣል ይደረግበታል። እንጀራውም አንዳንዴ አብሲት በዝቶበት፣ አንዳንዴ ኮምጥጦ ይወጣል። እኛ ልዩነቱን ልብ አንለውም፤ ልጁ ግን በየቀኑ የማያውቀው ምግብ ይቀርብለታል። መራቡንና መጥገቡን በደንብ የማይለይም አለ።

መድኃኒትም አለበት። ለብርቱ ቁጣና ራስን ለሚጎዳ ባህርይ የሚታዘዘው ሪስፔሪዶን የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ታትሞ በወጣ፣ ኦቲዝም ያለባቸው 101 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በስምንት ሳምንት በአማካይ 2.7 ኪሎ ጨመሩ፤ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ የወሰዱት 0.8 ብቻ። በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ግን በየቀጠሮው ልጁ ይመዘን፣ ሌላ አማራጭ ይኖር እንደሆነም ሐኪሙን ጠይቁ። ደግሞ አትርሱ፣ የሚያድግ ልጅ ቁመቱ እየጨመረ ኪሎው ባለበት ከቆመ፣ ያ ራሱ ድል ነው!

ወደ ስምንተኛው እንመለስ። ይህ ሥራ ሰውን መርማሪ ያደርጋል። ልጃችሁ የሚወደው ምንድን ነው? ቢጫ፣ ደረቅ፣ የሚቆረጠም? እንግዲያው የችብስ የቅርብ ዘመድ የሽምብራ ቆሎ ነው። ማኮሮኒ የሚወድ ልጅ ቅርጹ ብቻ የተለየ ፓስታ ሊሞክር ይችላል፤ ቀለሙንና ቅርጹን በአንድ ቀን መለወጥ ግን አይሆንም። አዲሱ ምግብ ማኮሮኒውን እንዳይነካው በሌላ ትንሽ ሳህን ይቅረብ። “ቅመስ” አይባልም። ኦቲዝም የሌለበት ልጅ እንኳ አዲስ ምግብ እስኪለምድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊቀርብለት ይገባ ይሆናል፤ የእናንተው ደግሞ ሠላሳ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

ጉርሻንም እዚህ ላይ ላንሳ፣ አክስቶች ቢቀየሙኝም። ጉርሻ ፍቅር ነው። ለዚህ ልጅ ግን ያላሰበው እጅ ያላሰበውን ነገር አፉ ውስጥ መክተቱ ነው። እትዬ፣ እባክዎ ለእሱ የሚያጎርሱትን ለእኔ ያጉርሱኝ።

አዋቂዎቹስ? ያው እኔ አለሁ። ኤዲኤችዲ እንዳለብኝ የተነገረኝ ጎልማሳ ሆኜ ነው። ምሳ እረሳለሁ። “መብላት ይረሳል እንዴ?” ይሉኛል፤ ይረሳል። ከዚያ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የቤቱን ሁሉ እበላለሁ። ለዓመታት ራሴን ሆዳም ስል ኖሬ፣ በኋላ ጸባዬን ትቼ ቤቴን አስተካከልኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። ምሳዬ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ማሰብ የለም። ቆሎው በብርጭቆ ማሰሮ ዓይኔ ሥር ተቀምጧል፤ ብስኩቱ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ በማያሳይ ዕቃ ውስጥ። ያላየሁትን እንደሌለ እቆጥረዋለሁና ይኸው ድክመቴ ጠቀመኝ። ጂም ሦስት ጊዜ ተመዝግቤ ሦስቴም ትቻለሁ። አሁን ጓደኛዬ ጠዋት በር ላይ ይጠብቀኛል፤ እሱን ማስቆም ስለማፍር እወጣለሁ።

ልጆቹንም እናውጣቸው። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው ለኦቲዝም ልጆች ጆይ ማዕከልን ከከፈቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ አሁንም ግን ጓዳ የሚውሉ ልጆች አሉ። እግር ኳሱ ሕጉ ይበዛበታል፣ ጫጫታውም ያስጨንቃል። መዝለል፣ ዋና፣ ከባድ ዘምቢል መሸከምስ? አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው “መንገድ ለሰው” በተባለው መኪና አልባ ቀን ሰፊ ባዶ አስፋልት ይገኛል፤ የድምፅ ማጉያው ሳይከፈት በማለዳ ድረሱ።

ወዳጄ የሽምብራ ቆሎዋን ማቅረብ ከጀመረች አምስተኛ ሳምንቷ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ሳህኑን ገፋው። በሁለተኛው ሽምብራዎቹን ጠረጴዛ ላይ በሰልፍ ደረደራቸው። በሦስተኛውና በአራተኛው አሸተታቸው። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ሎተሪ የወጣላት ሰው ድምፅ ነው።

“አንዷን ነክሶ ተፋት!”