እንግሊዝኛን ለጎልማሶች ስለ ማስተማር

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ሁሉ፣ በፊደላቱ ስም አትጀምሩ። በእኛ ፊደል የ«ለ» ስሙም ድምፁም አንድ ነው፤ «ደብልዩ» የተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ግን በንባብ «ው» ይላል። ዳዊት ሲደግሙ የኖሩ እናት በዚህ ሲሰናከሉ አእምሯቸው የደከመ ይመስላቸዋል፤ ጥፋቱ ግን የአስተማሪው ነው። እኛም በዚህ ተሳስተናል። አስቀድሞ ድምፁን፣ ቀጥሎም በየቀኑ የሚያዩትን ቃል አስተምሯቸው፤ በመድኃኒታቸው ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ጥሩ መነሻ ነው። «ስትሪት» ለማለት «እስትሪት» ቢሉ፣ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አታርሟቸው። የዜግነት ፈተናን በእንግሊዝኛ ለሚወስዱት ደግሞ፣ ከሚቀርቡላቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በትክክል ማንበብ ለንባቡ ክፍል እንደሚበቃ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፤ ብዙዎች ይህን ባለማወቅ በፍርሃት ትምህርቱን ይተዋሉና።