የአይጥን ዓይነት ለይቶ ስለ ማወቅ

በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ያለ ነጋዴ ጆንያው ተቀዶ ባገኘ ጊዜ ወጥመድ ለማኖር ይቸኩላል። ነገር ግን አስቀድሞ ጠላቱን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል፤ በወደብ ከተሞች የሚገኙት ዋና ዋና አይጦች ሦስት ናቸውና።

አንደኛው ጥቁር አይጥ ነው። ጅራቱ ከራሱና ከገላው ርዝመት ይበልጣል፤ ጆሮው ሰፊና ስስ ነው። መንጠላጠል ስለሚችል ጣሪያና ማገር ይወዳል። ስሙ ጥቁር ይባል እንጂ ጠጕሩ ብዙ ጊዜ ቡናማ ስለሚሆን፥ በቀለም ብቻ አይፈረድ።

ሁለተኛው ቡናማ አይጥ ነው። ጅራቱ ከገላው ያጥራል፤ ጆሮው ትንሽ፥ አፍንጫው ዱልዱም ነው። በመሬትና በቦይ አጠገብ ጉድጓድ ይቆፍራል።

ሦስተኛዋ ትንሿ የቤት አይጥ ናት፤ ክብደቷ ከ30 ግራም እምብዛም አያልፍም።

እንግዲህ ወጥመዱ ለጥቁሩ በማገር ላይ፥ ለቡናማው በግድግዳ ሥር፥ ለትንሿ በጆንያዎቹ መካከል ይቀመጥ። መርዝ ከእህል አጠገብ አይኑር፤ የሞተውንም አይጥ በባዶ እጅ መንካት አይገባም፥ በሽታ ያስተላልፋልና።