ከሶኬት የተነቀለ ቴሌቪዥን

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ የቴሌቪዥንና የቻርጀር መጠገኛ ጠረጴዛ ላዘጋጅ ነው። ለደህንነቴ መጀመሪያ ምን ልግዛ? ፀረ-ስታቲክ የእጅ አምባር ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም፤ አምባሩ የሚጠብቀው ቺፑን እንጂ እርስዎን አይደለም። እንዲያውም ሰውነትን ከመሬት ጋር ስለሚያገናኝ፣ 220 ቮልት ያለበት ሰሌዳ ላይ ሲሠሩ ያውልቁት። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ በትክክል የተዘረጋ የመሬት ሽቦና 30 ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ነው። ተራው ብሬከር የተሠራው ሽቦ እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት አይደለም።

«ነቅዬ ነው የምሠራው፣ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ይኖራል። መንቀል ግድ ነው። ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ወደ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ የ220 ቮልት ሞገድ ጫፉ እዚያ ይደርሳልና። ያን ጊዜ መሣሪያው ከግድግዳው ስለተለየ ብሬከሩም አያድንዎትም። ብዙዎች የካፓሲተሩን ኃይል ለማፍሰስ ሁለቱን እግሮቹን በካቻቢቴ ያገናኛሉ፤ ብልጭታው ግን ሰሌዳውንም ዓይንንም ይጎዳል። ይልቅ በደንብ በተሸፈነ ሽቦ የታሠረ 2 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ጥቂት ሰከንድ አስነክተው፣ እስከ 600 ቮልት በሚችል ቴስተር ይለኩ፤ ዜሮ አጠገብ ካልወረደ ይድገሙ። ውድ የመበየጃ ካውያ ሊቆይ ይችላል፣ ቴስተሩ ግን አይቆይም። ሲበይዱም መስኮት ይክፈቱ፤ የፍላክሱ ጭስ አስም ያስነሳል።