ከሰማይ የተመዘነው የአፈር ትንፋሽ



በመጋቢትና በሚያዝያ ከኮልፌ ቀራኒዮ ዳር ቆማችሁ ወደ ወጨጫ ግርጌ ብትመለከቱ ማሳው ራቁቱን ነው። ጭዱ ተከምሯል፣ የተረፈውን ከብት ግጦታል፣ እዚህም እዚያም ጭስ ይታያል። በእነዚሁ ወራት ከአፍሪካ ምድር የሚወጣውን ካርቦን ከጠፈር ሆነው የለኩ መሣሪያዎች አሉና ነገሩን እንድታውቁት ያስፈልጋል።

ካርቦን ማለት ከሰልን ጥቁር የሚያደርገው ነገር ነው። ቅጠል በፀሐይ ኃይል ከአየር ይወስደዋል፤ በአገዳ፣ በሥርና በፍሬ ያኖረዋል። ገለባ ሲቃጠል ወይም ሥር በአፈር ውስጥ ሲበሰብስ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ሆኖ ይመለሳል።

ይህን ገቢና ወጪ ለመለካት ጃፓን ጎሳት የተባለውን ሳተላይት ጥር 15 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ደግሞ ኦኮ-2 የተባለውን ሰኔ 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ላኩ። የፀሐይ ብርሃን ምድርን ነክቶ ሲመለስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓይን ከማያየው ብርሃን ከፊሉን ይውጣል። መሣሪያው የጎደለውን ለክቶ የአየሩን ብዛት ያሰላል፤ ቁናው ስንት እንደጎደለ አይቶ የተወሰደውን እንደሚያውቅ እህል ነጋዴ ማለት ነው። ደመና ሲጋርደው ግን አያይም፤ የእኛ ክረምት ለእርሱ ጨለማ ነው።

በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ፖል ፓልመርና ባልደረቦቹ የሁለቱን ሳተላይቶች ልኬት መርምረው በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ውጤቱን አሳተሙ። በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ከምድር ወገብ በሰሜን ያለው የሐሩር አፍሪካ ካስገባው ይልቅ ያስወጣው ካርቦን በልጦ ተገኘ። ከበረታባቸው ሥፍራዎች አንዱ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው፤ ብዙ ካርቦን የያዘ አፈር ባለበት የመሬቱ አጠቃቀም ተለውጧልና። በመጠኑ ላይ ሊቃውንት ተከራክረዋል።

«እሳቴን ከሰማይ አይተው ሊከሱኝ ነውን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ኦኮ-2 በአንድ እይታ የሚሸፍነው ወደ 300 ሄክታር ስለሆነ የእናንተ ግማሽ ሄክታር በውስጡ ትጠፋለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተላከችው የአገራችን ሳተላይትም የመሬትን መልክ ታነሣ ነበር እንጂ ካርቦን አትመዝንም ነበር።

ክሱ ከአፈሩ ነው። ካርቦን የወጣበት አፈር ውሃ አይይዝም፣ ማዳበሪያም ቢሰጡት ቶሎ ያባክናል። ስለዚህ የበቆሎ አገዳና የአተር ገለባ አታቃጥሉ፤ ከብት የተወውን ከእበት ጋር በጉድጓድ አብስሉት። ኩበት አትሥሩ ማለት ለጸሐፊ ቀላል ነው፤ ወጥ ግን በምክር አይበስልም። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያላችሁ እርሱን አንድዱና ከእበቱ ግማሹን እንኳ ለማሳው አስቀሩ።

የማስፋፊያ ሠራተኛውም ለማሳየት ሳተላይት አያስፈልገውም። ካልታረሰ የአጥር ሥር አንድ ጓል፣ ከማሳው መካከል አንድ ጓል ይውሰድ። አድርቆ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀስ አድርጎ ያስገባቸው። የአጥር ሥሩ ብዙ ጊዜ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ የማሳው ፈርሶ ውሃውን ካደፈረሰ ባለቤቱ የብስባሽ ጉድጓዱን ክረምት ሳይገባ ይቆፍር።